ሲልቨር ሻዶው በጨረታ፦ ዋጋው ለምን ወረደ፣ ወጪውስ የት አለ?

በእንግሊዝ አገር የአሮጌ መኪና ጨረታዎች ላይ ሰውን የሚያስገርም ዋጋ ዘወትር ይሰማል። በዘመኑ ባለፋብሪካዎች፣ ሎርዶችና የሙዚቃ ከዋክብት ይንፈላሰሱበት የነበረ ሮልስ ሮይስ ሲልቨር ሻዶው ቀለሙ እያብረቀረቀ ወደ መድረኩ ይመጣና በ10,000 እና በ20,000 ፓውንድ መካከል የአጫራቹ መዶሻ ይወርድበታል፤ ተሸጠ ማለት ነው። በዚያው አገር ደህና የሚባል አዲስ የቤት መኪና በዚህ ገንዘብ ማግኘት ያዳግታል። ይህን ያየ ሰው ልቡ ቢከጅል አይፈረድበትም። ዋጋው ዝቅ የሚለው ግን ሌሎቹ ተጫራቾች ሒሳብ ስለሚያውቁ ነው፤ ከመዶሻው በኋላ የሚመጣውን ወጪ አስበው ከሚሰጡት ዋጋ ላይ አስቀድመው ቀንሰውታል። ጉድና ጅራት ወደ ኋላ ነው እንደሚባለው፣ ያ የተቀነሰው ገንዘብ የት እንደተደበቀ ሳያውቅ እጁን የሚያነሳ ሰው ሁለት ጊዜ ይከፍላል።

ሻዶው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1965 እስከ 1980 ክሩ በተባለችው የሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ ከተማ ተሠራ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም፣ ሌላ ካልተባለ በስተቀር፣ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ከምልክቱና ከፊት ፍርግርጉ በቀር ልዩነት የሌለው መንትያው ቤንትሌይ ቲ ይባላል። ከ1977 ጀምሮ የወጣው፣ «ሻዶው ሁለት» የሚባለው፣ መሪው ስለተሻሻለ ለመንዳት ይበልጥ ያመቻል፤ የእኔም ምርጫ እሱ ነው፤ ጥቁሩን የጎማ ፓራውልቱን የማይወዱ ብዙዎች ቢሆኑም። የሻዶው ቤተሰብ መኪናዎች በጠቅላላው ከ30,000 በላይ ስለሆኑ ለሮልስ ሮይስ ይህ ትልቅ ቁጥር ነው። ብርቅ መኪና አይደለም። ዛሬ አንዱ ቢያመልጥ በሚቀጥለው ወር ሌላ ይቀርባል፤ አዳራሽ ውስጥ የጨረታ ትኩሳት ለሚይዘው ሰው ከዚህ የተሻለ መድኃኒት የለም።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚፈራው ሞተሩን ነው። ባለ ስምንት ሲሊንደሩ ሞተር በመጀመሪያ 6.2 ሊትር ነበር፤ ከ1970 ጀምሮ 6.75 ሊትር ሆነ። ብሎኩ አሉሚኒየም ስለሆነ የራዲያተሩ ውኃ ከነፀረ ዝገት ፈሳሹ በጊዜው መቀየር አለበት እንጂ፣ ዘይቱ ያልተጓደለበት ሞተር ዕድሜ ጠገብ ነው። ካምቢዮውም የአሜሪካው የጄኔራል ሞተርስ ሥራ ስለሆነ ብዙ መካኒክ ያውቀዋል። ኪስ የሚያራግፈው ከዚያ ይልቅ ፍሬኑና ዝገቱ ነው።

ከፍሬኑ እንጀምር። በተለመደው መኪና ላይ ፍሬን የሚይዘው በነጂው እግር ጉልበትና በትንሽ አጋዥ ነው። ሮልስ ሮይስ ግን ለሻዶው ከፈረንሳዩ ሲትሮይን በፈቃድ የወሰደው ሌላ አሠራር ነበር። ሞተሩ የሚያንቀሳቅሳቸው ሁለት ፓምፖች የፍሬን ዘይቱን እየገፉ በሞተሩ ጎን ባሉ ሁለት ድብልብል የብረት ማጠራቀሚያዎች ውስጥ ያስቀምጡታል። በእያንዳንዱ ማጠራቀሚያ ውስጥ ዘይቱን ከናይትሮጅን ጋዝ የሚለይ የላስቲክ ግድግዳ አለ፤ ዘይቱ ሲገባ ጋዙ ይታመቃል፣ የታመቀው ጋዝም ዘይቱን መልሶ ይገፋል። ግፊቱ በአንድ ካሬ ኢንች እስከ 2,500 ፓውንድ (ገንዘቡ ሳይሆን የክብደት መለኪያው) ይደርሳል፤ ይህም በመኪና ጎማ ውስጥ ካለው ግፊት ሰማንያ እጥፍ ገደማ ነው። የነጂው እግር ቫልቭ ይከፍታል፤ ሁለት ቶን የሚያልፈውን መኪና የሚያቆመው ይህ የታመቀ ኃይል ነው። ከኋላ መቀመጫ ሦስት ሰው ሲገባ መኪናው ዝቅ እንዳይል ቁመቱን የሚያስተካክለውም ይኸው ግፊት ነው።

አሠራሩ ጤነኛ ሲሆን ግሩም ነው። ነገር ግን ጋዙ በዓመታት ውስጥ ቀስ እያለ ያመልጣል፣ ላስቲኩ ያረጃል፣ ከሥር የተዘረጉት ተጣጣፊ ቱቦዎች ይሰነጠቃሉ። ዘይቱ ደግሞ ከአየር እርጥበት የመሳብ ጠባይ ስላለው ሳይቀየር ከከረመ የብረት ክፍሎቹን ከውስጥ ያዝጋል። ይህን ሁሉ ማደስ የአንድ ከሰዓት ሥራ አይደለም፤ እየፈቱ፣ እያጠቡ፣ ጎሚኒውን እየለወጡ መሄድ ነው፤ የእጅ ዋጋው ከዕቃው ይበልጣል።

ደግነቱ ምንም ገንዘብ የማይጠይቅ መፈተኛ አለ። በማሳያው ቀን አስተናጋጁን ሞተሩን እንዲያስነሳ ይጠይቁት። የፍሬን ግፊት ማስጠንቀቂያ መብራቶቹ ከጠፉ በኋላ ሞተሩ ጥቂት ደቂቃ ይሥራ፤ ከዚያ ይጥፋና ቁልፉ ብቻ ተመልሶ ይከፈት። አሁን ፔዳሉን እየረገጡ መቁጠር ነው። ደህና ማጠራቀሚያ ያለው መኪና መብራቱ እስኪበራ ድረስ በአሥሮች የሚቆጠር እርግጫ ይችላል። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ላይ መብራቱ ቦግ ካለ ጋዙ አልቋል ማለት ነው። አስተናጋጁ ካልፈቀደ ማጠራቀሚያዎቹ እንደሚታደሱ ቆጥሮ ከዋጋው መቀነስ ነው።

ስለ ዘይቱ አንድ ነገር ሳልጨምር አላልፍም። ሻዶው የሚጠቀመው ለእሱ ተብሎ የተዘጋጀ፣ አርአር 363 የሚባል የፍሬን ዘይት ነው። በ1980 ሻዶውን የተካው ሲልቨር ስፒሪት ግን ፈጽሞ ሌላ ጠባይ ያለው የማዕድን ዘይት ይጠቀማል። ሁለቱ በውጭ ለሚያይ ሰው ተቀራራቢ መኪናዎች ናቸው፤ የአንዱ ዘይት በሌላው ውስጥ ከተጨመረ ግን በፍሬኑ ውስጥ ያለው ጎሚኒ ሁሉ ይበላሻል። ስለዚህ ከደረሰኞቹ መካከል የዘይት መግዣውን መፈለግ ትርፍ ጥንቃቄ አይደለም። ሰፈር ውስጥ ካለ ጋራዥ ሄዶ «የፍሬን ዘይት ጨመርንለት» ተብሎ የተመለሰ ሻዶው ያስፈራኛል።

ዝገቱ የባሰ ነው፤ ምክንያቱም ፍሬን ይታደሳል፣ የበሰበሰ አካል ግን ተቆርጦ እንደገና ይበየዳል። ከሻዶው በፊት የነበሩት የኩባንያው መኪናዎች ራሱን የቻለ ሻንሲ ነበራቸው፤ ቦዲው ከላይ የሚቀመጥ ነበር። ሻዶው ቦዲና ሻንሲ አንድ አካል ሆነው የተሠሩበት የመጀመሪያው ሮልስ ሮይስ ነው። ስለዚህ ከበሮቹ ሥር በሁለቱም ጎን የሚሄደው የብረት ሳጥን ጌጥ ሳይሆን መኪናውን ቀጥ አድርጎ የያዘው አጥንቱ ነው። ከኋላ ጎማዎች በላይ ያለው የፓራፋንጎ ጠርዝ፣ የኋላ ሞላዎቹ የሚያርፉበት ቦታ፣ የፊት ፓራፋንጎ ታችኛው ጫፍ፣ እነዚህን ተንበርክኮ በባትሪ ማየት ያስፈልጋል። ሱሪ ይቆሽሻል፤ ይቆሽሽ።

ብዙ ገዢ ማግኔት ይዞ ይመጣል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ማግኔቱ በስቱኮ (የተበላ ብረት በሚሞላበት ልስን) በተሞላ ቦታ ላይ አይያዝም። ችግሩ የሻዶው በሮች፣ ኮፈኑና የኋላ ሻንጣ ክዳኑ ከአሉሚኒየም የተሠሩ መሆናቸው ነው፤ እዚያ ላይ ማግኔት ጤነኛም ቢሆን አይያዝም። በሩ ላይ ሞክሮ «ሙሉው ስቱኮ ነው» ብሎ የሄደ ሰው ጥሩ መኪና ሊያመልጠው ይችላል። ማግኔቱ የሚሠራው ከበሮቹ ሥር ባለው ሳጥንና በፓራፋንጎዎቹ ጠርዝ ላይ ነው። ጣሪያው በፕላስቲክ ቆዳ የተሸፈነ ከሆነ ደግሞ በመስታወቶቹ ዙሪያ በጣት መዳሰስ ነው፤ እብጠት ካለ ከሥሩ ዝገት እየበላው ነው።

የውስጡ ቆዳና የዋልነት እንጨቱ ፎቶግራፍ ላይ የሚያማልለው ክፍል ስለሆነ ሻጮች ብዙ ጊዜ የሚያድሱት እሱን ነው። የተሰነጠቀ ቆዳን በሙሉ መለወጥ በሺዎች የሚቆጠር ፓውንድ ይወስዳል። ቢሆንም በተሰነጠቀ ቆዳ ላይ ተቀምጦ መንዳት ይቻላል።

ከብረቱ ቀጥሎ ወረቀቱ ነው፤ እኔ እንዲያውም ወረቀቱን አስቀድማለሁ። ዶሴው ወፍራም መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ በዓመት ቅደም ተከተል ደርድሮ ክፍተቱን መፈለግ ነው። ደረሰኞቹ ተከታትለው ሄደው ድንገት ለስምንት ዓመት ከተቋረጡ መኪናው ቆሞ ነበር ማለት ነው። የሻንሲ ቁጥሩም ይናገራል፦ ኤስአርኤች ብሎ የሚጀምረው መሪው በቀኝ የሆነ ሮልስ ሮይስ ነው፤ ኤስአርኤክስ ከሆነ መሪው በግራ ሆኖ ለውጭ አገር የተሠራ ነው። በ1957 የተመሠረተው የሮልስ ሮይስ ወዳጆች ክለብ በኖርዝሃምፕተንሺር፣ ፓውለርስፐሪ በምትባል መንደር ባለው መሥሪያ ቤቱ የፋብሪካውን የምርት መዛግብት ይዟል። በክፍያ የመኪናውን መዝገብ ቅጂ ይሰጣል፤ መጀመሪያ ምን ቀለም እንደነበረና ለማን እንደተሸጠ ከዚያ ማመሳከር ይቻላል። መዝገቡ ሰማያዊ ሲል መኪናው ነጭ ሆኖ ከቆመ የሠርግ መኪና ሆኖ ሠርቶ ይሆናል፤ ነውር የለውም፣ ግን ብዙ ቆሞ ብዙ ተነስቷል።

ቪ-ፋይቭ-ሲ የሚባለው የእንግሊዝ የመኪና መታወቂያ ደብተር ላይ የተመዘገበው ሰው የመኪናው ኃላፊ ነው እንጂ የግድ ባለቤቱ አይደለም፤ ራሱ ሰነዱ ይህን ይገልጻል። ዕዳ እንዳለበትና እንደሌለበት ለብቻው ማጣራት ያስፈልጋል። ዓመታዊው የቴክኒክ ምርመራ ውጤት ደግሞ ከ2005 ወዲህ ያለው በመንግሥት ድረ ገጽ ላይ በሰሌዳ ቁጥር በነፃ ይታያል፤ ቆጣሪው በየዓመቱ ስንት ማይል እንዳነበበና መርማሪው ምን እንዳስጠነቀቀ ጭምር። ከግንቦት 2018 ወዲህ ግን ከ40 ዓመት በላይ የሆነና ብዙ ለውጥ ያልተደረገበት መኪና ከዚህ ምርመራ ነፃ ነው። ሻዶዎች በሙሉ ይህን ዕድሜ አልፈዋል። ምርመራው ባይገደድም በፈቃደኝነት ማስመርመር ይቻላል፤ በየዓመቱ ያስመረመረ ባለቤትን አምነዋለሁ።

ካታሎጉን ማንበብ ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። ገለጻውን የሚጽፉት ሰዎች አይዋሹም፤ ቃላቸውን ግን ይመርጣሉ። «መንገድ ላይ ለመመለስ መጠነኛ ዝግጅት ይጠቅመዋል» ሲሉ ፍሬን፣ ጎማ፣ ቱቦዎችና የነዳጅ ጋን ሁሉም ይታያሉ ማለት ነው። «የቆየ እድሳት» ማለት ከብዙ ዓመት በፊት ተቀብቶ አሁን መፍረስ የጀመረ ነው። «ቆጣሪው የሚያሳየው 48,000 ማይል» ከተባለ ለማይሉ ማንም ዋስ አልሆነም። «እንደሚታመነው» የሚለው ቃል ባለበት ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሰነድ የለም። «ለዓመታት በደረቅ ጋራዥ ተጠብቆ የኖረ» የሚለው ደግሞ ጆሮ ደስ ያሰኛል፤ ለሻዶው ግን የምሥራች አይደለም፤ ከላይ እንዳየነው ዘይቱ ሳይቀየር ሲከርም ፍሬኑን ከውስጥ ያዝጋል፣ ስለዚህ ይህ መኪና በመቆም ይታመማል። ቀለሙን፣ ቆዳውንና ሬዲዮኑን ሳይቀር ዘርዝሮ ስለ ፍሬኑ አንድም ቃል ያልተነፈሰ ገለጻ ከሆነ ሄዶ ያንኑ መጠየቅ ነው። በጨረታው ዕለት ጠዋት የሚለጠፍ ወይም ከመድረክ የሚነገር ማረሚያም አለ፤ ካታሎጉን ይሽረዋል፣ ስለዚህ አርፍዶ መግባት አደጋ አለው።

ወደ አዳራሹ እንግባ። ከእያንዳንዱ የሎት (ለጨረታ የቀረበ ዕቃ) ቁጥር ጎን የዝቅተኛና የከፍተኛ ግምት ዋጋ ይታተማል። ሻጩ ከዚያ በታች አልሸጥም የሚለው ዋጋ ግን ምስጢር ነው፤ በተለምዶ ከዝቅተኛው ግምት አይበልጥም። አጫራቹ እስከዚያ ዋጋ ድረስ በሻጩ ስም ዋጋ መጥራት ይችላል፤ በጨረታው ደንብ ላይ አስቀድሞ ከተገለጸ ሕጋዊ ነው። ስለዚህ አጫራቹ ወደ አዳራሹ ጥግ እያየ «ስምንት ሺህ፣ ስምንት ተኩል» ሲል እዚያ ጥግ ማንም ላይኖር ይችላል። ከምስጢሩ ዋጋ ካለፈ በኋላ ያለው ውድድር ብቻ ነው የሰው።

በ1979 የወጣው የእንግሊዝ የዕቃ ሽያጭ ሕግ እንደሚለው ሽያጩ የሚጠናቀቀው መዶሻው ሲወርድ ነው። እስከዚያች ሰከንድ ድረስ ተጫራቹ የጠራውን ዋጋ ማንሳት ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ግን ውል ሆኗል፣ በብዙ የጨረታ ቤቶች ደንብም አደጋው ከዚያ ጀምሮ የገዢው ነው። ከሱቅ ለሚገዛ ሸማች የተሰጡ አብዛኞቹ ጥበቃዎችም እዚህ አይሠሩም፤ የ2015ቱ የሸማቾች ሕግ፣ ሰው በአካል ሊገኝበት በሚችል የሕዝብ ጨረታ ላይ አሮጌ ዕቃ የሚገዛን ሰው ከእነዚያ ጥበቃዎች ያወጣዋል። እንዳለ ነው የሚሸጠው። ፍሬኑ አልሠራም ብሎ በማግስቱ መመለስ የለም።

አሁን ሒሳቡ። በመዶሻው ዋጋ ላይ የገዢ ኮሚሽን ይጨመራል፤ በኮሚሽኑ ላይ ደግሞ 20 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይጨመራል። መጠኑ ከቤት ቤት ስለሚለያይ ደንቡን ማንበብ ግዴታ ነው፤ 15 በመቶ ነው እንበል። በ12,000 ፓውንድ የወደቀ መኪና 1,800 ኮሚሽንና 360 ታክስ ተጨምሮበት 14,160 ይሆናል። ስለዚህ ሒሳቡን ከኋላ ወደ ፊት መሥራት ይሻላል። በእጄ 18,000 ፓውንድ አለ፤ ከዚህ 5,000ውን ለማጓጓዣና ለመጀመሪያው ዓመት ጥገና አስቀምጣለሁ፤ የቀረውን 13,000 በ1.18 ሳካፍል (15 በመቶው ኮሚሽን ከነታክሱ 18 በመቶ ስለሚሆን) 11,000 ገደማ ይመጣል። ይህ ቁጥር በካታሎጉ ጀርባ ላይ ይጻፋል፤ አጫራቹ ፈገግ ብሎ «አንድ ጊዜ ብቻ ይጨምሩ» ቢልም አይነካም።

መኪናው ሳይሸጥ ቢመለስ ታሪኩ አላለቀም። ጨረታው ሲያበቃ ወደ ቢሮው ጎራ ብሎ ዋጋ ማቅረብ የተለመደ ነው። መኪናውን ጭኖ ወደ ቤቱ ለመመለስ እንደገና የሚከፍል ሻጭ ጠዋት የነበረው ኩራት ከሰዓት በኋላ ላይኖረው ይችላል።

ከተገዛ በኋላ ክፍያው በጥቂት ቀናት ውስጥ ይጠናቀቃል፤ መኪናውም በቶሎ ካልተነሳ የማቆያ ኪራይ ይቆጠርበታል። ነድቶ ወደ ቤት መሄድ ያጓጓል፤ እኔ ግን በተጎታች እንዲጫን እመክራለሁ። ጎማውን ብቻ መመልከት ይበቃል። በጎማው ጎን ላይ ካለው ረጅም ጽሑፍ መጨረሻ አራት አኃዝ አለ፤ 2309 ከሆነ በ2009 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ሦስት አኃዝ ብቻ ካለው ከ2000 በፊት የተመረተ ነው። እንዲህ ያሉ መኪናዎች ጥቂት ስለሚነዱ የጎማው ጥርስ አዲስ መስሎ ላስቲኩ ግን የደረቀ ይሆናል። ኢንሹራንሱም አስቀድሞ በተስማሙበት ዋጋ የሚከፍል የአሮጌ መኪና ውል ቢሆን ይመረጣል።

አሜሪካ ላለ አንባቢ፣ ዕድሜው ከ25 ዓመት በላይ የሆነ መኪና የፌዴራሉን የመኪና ደኅንነት መስፈርት አሟላ ተብሎ አይጠየቅም፤ ቀረጡና የመርከብ ዋጋው ግን ይጠብቀዋል። አዲስ አበባ አስገብቶ ለመንዳት ለሚያልም ሰው በሩ ዝግ ነው፤ በ2016 ዓ.ም. (በእኛ አቆጣጠር) በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ ተከልክሏል። ለንደን ለሚኖር ሰው ግን ሕጉ ደግ ነው፤ ዕድሜው 40 ዓመት ያለፈና በታሪካዊ መኪናነት የተመዘገበ ሻዶው ከመንገድ ግብርም፣ ከተማዋ በጭስ ላይ ከምታስከፍለው ክፍያም ነፃ ነው። ነዳጁ ግን ነፃ አይደለም፤ በ100 ኪሎ ሜትር 20 ሊትር ገደማ ይጠጣል። ርዝመቱ 5.17 ሜትር ነው፤ የብዙ እንግሊዛዊ ቤት ጋራዥ አይበቃውም። ለጨረታው ከመመዝገብ በፊት ሜትር ይዞ ጋራዡን መለካት ነው፤ በሮቹ ተከፍተው ሰው መውጣት እንዲችልም ወርዱን ጭምር።